«ኃይል» ስለሚባለው ቃል፦ በኢሉባቦር ጥናቶች ላይ የቀረበ ትችት

ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች በሚጻፉት ጥናቶች ውስጥ «ኃይል» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ሥራ የተጫነበት፥ የተጫነበትንም ያህል ሳይመረመር የቀረ ቃል ያለ አይመስለኝም። የፊዚክስ መምህር የመሬት ስበት ኃይል ይላል፤ የታሪክ ጸሐፊ አገሩ በኃይል ተያዘ ይላል፤ ሃይማኖትን የሚያጠናው አያናን «መንፈሳዊ ኃይል» ብሎ ይተረጉማል፤ የልማት ዕቅድ አዘጋጁ የሰው ኃይል ይቆጥራል፤ ጠበቃው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አጋጠመኝ ብሎ ይከራከራል። እያንዳንዳቸው በየሙያቸው አጥር ውስጥ ሳሉ ብዙም አይሳሳቱም። ስሕተቱ የሚመጣው አንዱ ከሌላው በተበደረ ጊዜ ነው፤ ተበዳሪው ቃሉን ይዞ ሲሄድ ቃሉ የታሰረበትን ገመድ እዚያው ትቶት ይሄዳልና።

ይህ ትችት የሚመለከተው ይህንኑ ብድር ነው። ቦታውን ኢሉባቦር ያደረግሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። ከመቱ እስከ ጎሬ፥ ከጎሬም በቡሬ በኩል እስከ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ የወንዝ፥ የጦር፥ የእምነትና የመንግሥት ኃይል የሚባሉት ነገሮች ሁሉ ተቀራርበው ይገኛሉ። ደግሞም የመቱ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ስለ አገሩ የሚጽፈው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፥ መጻሕፍቱን በእንግሊዝኛ የሚያነብ፥ አንዳንድ ጊዜም በአማርኛ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ቃል በሦስት ቋንቋ መካከል ማሻገር ግድ ሆኖበታል። የሚያሻግረውም የማያውቀውን የሩቅ አገር ነገር ሳይሆን የአያቱን ቤት ሥርዐት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ከተለየው በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀላሉ እንጀምር። ከመቱ ብዙ ሳይርቅ በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቷል። መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ቦታ ሲመለከት ሦስት ነገሮችን ይለያል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ወደ መሬት የሚሳብበት ኃይል 9,800 ኒውተን ያህል ነው፤ ውኃው በገደሉ አፋፍ ላይ ቢተኛም፥ ወደ ታች ቢወረወርም ይህ አይለወጥም። ያው ውኃ 100 ሜትር ቢወርድ 980,000 ጁል የሚያህል ሥራ ይሠራል። በየሰከንዱ አንድ ሜትር ኩብ እንዲህ ቢወርድ ደግሞ፥ በመሣሪያው ውስጥ የሚባክነውን ሳንቀንስ፥ ከ1 ሜጋ ዋት ጥቂት ያነሰ ይገኛል። የፊተኛው መሳብ ነው፤ ሁለተኛው መሳቡ በርቀት ላይ ያደረገው ሥራ ነው፤ ሦስተኛው ሥራው በጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው። አማርኛ ግን ለፊተኛው የስበት ኃይል፥ ለሁለተኛው ወገን የፀሐይ ኃይል፥ ለሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ይላል፤ ለሦስቱም አንድ ስም።

በዚህ ቋንቋችን ብቻውን አይወቀስበትም። ላይብኒትስ በ1686 ከዴካርት ተከታዮች ጋር የጀመረው ክርክር፥ ማለት የኃይል መለኪያው ክብደት በፍጥነት ሲባዛ ነው ወይስ በፍጥነት ካሬ ሲባዛ የሚለው፥ ሁለት ትውልድ ሙሉ የአውሮፓን ሊቃውንት ሲያነታርክ ኖሮ ዳላምቤር በ1743 የቃላት ጠብ ነው እስኪለው ድረስ ቆይቷል። ሄልምሆልትስ በ1847 ዛሬ የኢነርጂ አለመጥፋት የሚባለውን ሕግ ያቀረበበት ጽሑፍ ርእሱ ስለ «ኃይል» አለመጥፋት ነበረ። ሄርትስም ከሞተ በኋላ በ1894 በታተመው መጽሐፉ ኃይል የሚባለውን ነገር ከመካኒክስ መሠረት ጨርሶ ለማውጣት ሞክሯል። እንግዲህ የፊዚክስ ሰዎች ቃሉን አጥርተው የያዙት ከብዙ ትግል በኋላ ነው፤ ያጠሩትም ስለ ምንነቱ በመፈላሰፍ ሳይሆን፥ በምን ላይ፥ በምን ያህል ርቀት፥ በስንት ጊዜ ብለው በመጠየቅ ነው።

የኅብረተሰብ ጥናት ቃሉን የተበደረው ይህ ጠብ ገና ሳይረሳ ነው። ኮድሪንግተን በ1891 የሜላኔዥያን ሰዎች «ማና» የሚሉትን ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋወቀ፤ ማሬትና ሞስ ተቀበሉት፤ ዱርካይም ደግሞ በ1912 ዋና መጽሐፉ ውስጥ ከዚያ አልፎ ሄደ። የኃይል ሐሳብ ራሱ ከሃይማኖት የተወለደ ነው፤ ፍልስፍና ከሃይማኖት፥ ሳይንስም ከፍልስፍና ወሰደው አለ። ኮምት የኃይል ሐሳብ ተረት ስለ ሆነ ከሳይንስ ይጠፋል ብሎ የተነበየውን ዱርካይም ገልብጦ፥ ምንጩ ኅብረተሰቡ ራሱ ስለ ሆነ እውነት ነው ብሎ ተከራከረ። ሐሳቡ ታላቅ ነው፤ ማንም ተማሪ ሳያነበው ሊያልፍ አይገባም። ነገር ግን ዱርካይም የኅብረተሰብ ኃይል ሲል ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ ነው? ሰውን የሚገፋ ነው፥ ሰውን የሚያሠራ ነው፥ ወይስ ተጠራቅሞ የሚቆይና በበዓል ቀን የሚፈስ ነው? መጽሐፉ በየገጹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ሽግግሩንም የሚሸፍንለት አንዱ ቃል ነው።

ከርሱ በኋላ የመጣው የቤልጅግ ሚስዮናዊ ቴምፕልስ በ1945 በፈረንሳይኛ በታተመው ስለ ባንቱ ፍልስፍና በጻፈው መጽሐፍ ለአፍሪካዊ ሰው «መኖር» ማለት «ኃይል» ማለት ነው እስከ ማለት ደረሰ። መጽሐፉን ያነበቡ ብዙ አፍሪካውያን ተደሰቱ፤ ክብር የሰጣቸው መስሏቸዋልና። የቤኒኑ ፈላስፋ ሁንቶንጂ በ1970ዎቹ የሰጠው መልስ ከደስታው ይልቅ ዋጋ አለው፦ ሚስዮናዊው የራሱን ፍልስፍና ጽፎ ማንም ያልጠየቃቸው ሰዎች ሁሉ ሳያውቁት እንደሚያምኑበት አድርጎ ስማቸውን ፈረመበት። የኛም ተማሪዎች «ኦሮሞ በኃይል ያምናል»፥ «አኝዋክ በኃይል ያምናል» ብለው ሲጽፉ ይህንኑ ፊርማ እየደገሙ እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባቸዋል።

በውጭ አገር በተማርሁበት ጊዜ ስለ ማና የተደረጉ ብዙ ክርክሮች ሰምቻለሁ፤ ቃሉ በሰዋስው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልገጠመኝም። ጥያቄውን በ1984 በጽሑፍ ያቀረበው ኪሲንግ ነው። እርሱ የኦሴያኒያን ቋንቋዎች መርምሮ ማና በአብዛኛው ስም ሳይሆን የሁኔታ ግሥ መሆኑን አሳየ። ድንጋዩ ማና «አለው» አይባልም፤ ሠመረ፥ ሆነለት፥ ያዘለት እንደ ማለት ነው። ስም ያደረጉት፥ ስምም ካደረጉት በኋላ እንደ ኤሌክትሪክ ከነገር ወደ ነገር የሚፈስ አድርገው የሣሉት አውሮፓውያን ናቸው።

ይህን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ወደ ኦሴያኒያ መሄድ አያስፈልገውም። ኃይል የሚለው ስም በግእዝ ኀየለ ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር ነው፤ በአማርኛም ግሡ አየለ ሆኖ በየቀኑ በአፋችን አለ። ዝናሙ አየለ፤ ክርክሩ አየለ፤ በሽታው አየለበት፤ ጠላት አየለብን እንላለን። (የተማሪ ስም ሲጠራ አየለ፥ ኃይሉ፥ ኃይለ ማርያም ሳይሰማ የሚያልፍ ክፍል ጥቂት ነው፤ ቃሉ ከኛ ሩቅ አይደለም።) አየለ ያለ ሰው ሁልጊዜ ሌላ ወገን ያስባል፤ ካላሰበም «በማን ላይ?» ተብሎ ይጠየቃል። በሽታው የሚያይለው በሕመምተኛው ላይ ነው፤ ዝናሙ የሚያይለው ከትናንቱ ይልቅ ነው። ዝናሙ ኃይል የሚባል ዕቃ በውስጡ ተሸክሟል ያለ ገበሬ የለም። ግሡ ወደ ስም በተለወጠ ጊዜ ግን ያ ሌላው ወገን ይወድቃል፤ ኃይልም ብቻውን ቆሞ የሚታይ፥ አንዱ ያለው ሌላው የሌለው ንብረት ይመስላል። ጉልበት የሚለው ቃል በዚህ ከኃይል ይሻላል፤ ከሥጋ አይለይምና። ጉልበት የሚሠራበት ብርታት ነው፤ ለማኝ የሚስመውም ጉልበት ነው። ጉልበተኛና ጉልበት ሳሚ በአንድ ቃል ውስጥ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

አሁን ወደ ኢሉባቦር ቃላት እንለፍ። አፋን ኦሮሞ የሰውን ወይም የእንስሳን ብርታት፥ እንዲሁም የሚገፋውንና የሚጥለውን ሁሉ ሁምና ይላል። ጽናትና ጥንካሬ ጃቢና ነው፤ መቻል ደንዴቲ ነው፤ የባለ ሥልጣን ሥልጣን አንጎ ነው። ከነዚህ ሁሉ የተለየው አያና ነው። ሰው ሁሉ አያና አለው፤ ወገንም ቀንም አያና አላቸው፤ በዓልም አያና ይባላል፤ ዕድልና ጸጋም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በቃሉ ላይ የሚያርፈውም አያና ነው። እንግዲህ በአማርኛ «መንፈሳዊ ኃይል» ብሎ የተረጐመ ሰው አያናን ከበዓሉም ከዕድሉም ከቀኑም ነጥሎ ከሁምና ጎን አቆመው ማለት ነው፤ የኦሮሞ ተናጋሪ ግን እነዚህን ሁለቱን በአንድ ረድፍ አያቆማቸውም። ስሕተቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። ቃሉን ከቃልቻ ጋር አንድ አድርጎ መጻፍ በአማርኛ የቆየ ልማድ ነው፤ ቃልቻ ማለት ደግሞ በአማርኛ አንባቢ ጆሮ ጠንቋይ ማለት ነው። «ኃይል» እና «ቃልቻ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ አንባቢው የሚያየው በማስፈራራት የሚኖር ሰው ነው፤ በማስረጃ ሳይሆን በትርጕም ብቻ ፍርድ ተሰጠ።

በዚህ ረገድ ስለ ሜጫ ኦሮሞ የተጻፉት ሁለት መጻሕፍት ሊመዘኑ ይገባል፤ ሁለቱም ጥናታቸውን ያደረጉት በምዕራብ ሸዋና በወለጋ ቢሆንም፥ ስለ ኢሉባቦር የሚጽፍ ሁሉ የሚደገፈው በነርሱ ነውና። ስዊድናዊው ክኑትሶን በ1967 ስለ ቃሉ ሥርዐት ያሳተመውን መጽሐፍ «ሥልጣንና ለውጥ» ብሎ ሲሰይም ኃይል ከማለት መቆጠቡ ያስመሰግነዋል። መንግሥት ባቆመው ፍርድ ቤት አጠገብ ሰዎች ክርክራቸውን ወደ ቃሉ የሚወስዱበትን ምክንያት ከመረመሩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ እርሱ ነው፤ የቃሉን መነሣትም ከገዳ መዳከም ጋር ያያይዘዋል። ይህ የሹመቱን ታሪክ ይገልጻል። ሰዎቹ አያና ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ግን ከዚህ ብዙ አይገኝም፤ አያና በመጽሐፉ ውስጥ ለሥልጣን መሠረት ሆኖ ስለሚያገለግል ከአገልግሎቱ ውጭ ያለው ሕይወቱ ይደበዝዛል።

በወለጋ ለረጅም ዘመን የኖረው የሆላንድ ካህን ባርቴልስ በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። ሰዎቹ ሲጸልዩ፥ ሲመርቁ፥ ሲያዝኑ የሚሉትን እንዳሉት ጽፎ፥ ከዚያ በኋላ ትርጓሜውን ከነርሱ ከራሳቸው ይጠይቃል። አያናን ዋቃ በፍጥረቱ ዘንድ የሚሠራበትና የሚገኝበት መንገድ አድርጎ ያቀርበዋል እንጂ ለብቻው የቆመ ኃይል አያደርገውም። ሰፉ ስለሚሉት፥ ማለት እያንዳንዱ ለሌላው ሊጠብቀው ስለሚገባው ክብርና ርቀት፥ የጻፈው ክፍል በኔ ግምት ስለ ኦሮሞ ከተጻፉት ሁሉ ከፍ ያለ ነው። የጐደለው ሌላ ነው። መጽሐፉ ስለ መሬት፥ ስለ ግብርና ስለ ጭሰኛ የሚለው ጥቂት ስለ ሆነ አንባቢው እነዚህ ጸሎቶች በተደረጉበት ዘመን ገበሬውን ማን ያሠራው እንደ ነበረ ሊረሳ ይችላል። ክኑትሶን አያናን በሥልጣን ውስጥ ሸሸገው፤ ባርቴልስ ሁምናን በጸሎት ውስጥ ሸሸገው። ለተማሪ የምመክረው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲያነብ ነው፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ግማሽ አገር አየ።

የትርጕሙ ጭንቀት ግን በኛ ዘመን አልተጀመረም። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮሞ ቋንቋ ተርጕሞ በ1899 ያሳተመው ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው ከመቱ ቅርብ በሆነችው በሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነቱ በባሪያ ነጋዴዎች ተይዞ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1870 እዚያ ነጻ ወጣ። አስቴር ጋኖ ከርሱ ጋር ቃላት እየሰበሰበች ሠርታለች፤ ሥራቸውም የታተመው በግእዝ ፊደል ነው። የጽርእ መጽሐፍ ዱናሚስ እና ኤክሱሲያ ብሎ የሚለያቸውን ሁለት ቃላት ግእዝ ኃይልና ሥልጣን ብሎ ተቀብሏቸዋል፤ ከመላእክት ነገድም አንዱን ኃይላት ሌላውን ሥልጣናት ብሎ ለይቷቸዋል። ኦነሲሞስ ለነዚህ በእናቱ ቋንቋ ቃል ሲፈልግ ኃይል ማለት ምን እንደ ሆነ ከመዝገበ ቃላት ብቻ የተማረ ሰው አልነበረም። ከእናቱ የነጠቀውን፥ የሸጠውን፥ ነጻ ያወጣውንና የሚያመልከውን በአንድ ቃል መጥራት ለርሱ የሚቻል አይመስለኝም። የዛሬው የትርጕም ሥራችን ከዚያ ሰው ጥንቃቄ በታች መሆኑ ያሳፍራል።

ከእምነት ወደ መንግሥት ስንመጣ ብድሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ራድክሊፍ ብራውን በ1940 ስለ አፍሪካ የፖለቲካ ሥርዐቶች ለታተመው ታዋቂ መጽሐፍ በጻፈው መቅድም የፖለቲካ ድርጅትን ሲወስን በአንድ አገር ወሰን ውስጥ ሥርዐትን በአስገዳጅ ሥልጣን ማስጠበቅ አድርጎ፥ አስገዳጅነቱንም የአካል ኃይልን በመጠቀም ወይም ለመጠቀም በመቻል ላይ አቆመው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር የጻፈው ምዕራፍ ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ የሌለበትን ሥርዐት ያሳያል። መቅድሙና ምዕራፉ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ይጣላሉ፤ አንባቢ ሁሉ ይህን ያየ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ አኝዋክ ያሳተመው ጥናት ወደ ርእሳችን ይበልጥ ይቀርባል፤ ጋምቤላ ለረጅም ጊዜ በኢሉባቦር ሥር የነበረ አገር ነውና። በአኝዋክ መሳፍንት ዘንድ ክብሩ የተያዘው በዶቃና በሌሎች የወረሷቸው ምልክቶች ነው። ምልክቶቹን የያዘ ይከበራል፤ ነገር ግን ሌላውን መንደር የሚያስገብርበት ጦር አይሰጡትም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከኢትዮጵያ በኩል ጠመንጃ በገባ ጊዜ ግን የመሳፍንቱ ፉክክር ተለወጠ፤ ጠመንጃ ያለው ዶቃውን ብቻ ከያዘው በላይ ሆነ። እዚህ ላይ የምናየው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው፦ አንደኛው ሰዎች ስለሚቀበሉት የሚሠራ፥ ሁለተኛው ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም የሚሠራ። ሁለተኛው መቼ እንደ ገባ በዘመን ሊቈጠር ይችላል። ሁለቱንም «የመሳፍንቱ ኃይል» ብሎ የሚጽፍ ይህን ታላቅ ለውጥ በራሱ ብዕር ያጠፋዋል።

«በኃይል ተያዘ» የሚለው የታሪክ አነጋገርም እንዲሁ ነው። በ1898 ደጃዝማች ተሰማ፥ በኋላ ራስ ተሰማ ናደው፥ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ጦር አስከትለው በባሮና በሶባት በኩል ወርደው ነጭ ዓባይ ደረሱ፤ ፈረንሳውያንና ሩሲያዊው አርታሞኖቭ አብረዋቸው ነበሩ፤ ሰንደቅ ዓላማም ተተከለ። ይመጣል የተባለው የማርሻን ጓድ ግን ገና አልደረሰም ነበር፤ ጦሩም ከደጋ የመጣ ስለ ነበር ንዳድ ፈታውና ተመለሰ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ከዚያ በኋላ በሐምሌ ወር ነው። ያ ጦር በጎሬ ደጋ ላይ ኃይል ነበረ፤ በሶባት ቆላ ላይ ግን ያው ሰው፥ ያው ጠመንጃ፥ ኃይል አልነበረም። የመሐንዲሱ ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊም ይሠራል፦ በምን ላይ፥ በምን ያህል ርቀት፥ ለስንት ጊዜ?

ጎሬ ራሷ ተቃራኒውን ምሳሌ ትሰጣለች። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1936 ከአገር ከወጡ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ስምና ማኅተም በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እጅ ጎሬ ላይ ቆየ፤ ራስ እምሩም እንደ ራሴ ሆነው በምዕራብ ይንቀሳቀሱ ነበር። በዚያው ጊዜ የወለጋ ባላባቶች በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል በኩል የራሳቸውን ጥያቄ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። ኢጣልያኖች ጎሬ የገቡት በኅዳር ነው፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ እጃቸውን ሰጡ። በእነዚያ ወራት ጎሬ ላይ የነበረው ምንድን ነው? ገንዘቡና ጦሩ አልቆበት ሥልጣኑ የቀረ መንግሥት ነው እንበልን? እንዲህ ካልን ሥልጣን በአስገዳጅ ኃይል ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ኃይሉ ሲሄድ ወዲያው አልፈረሰምና። ለብዙ ጊዜ ግን አልቆመም። ስንት ወር እንደ ቆመ፥ በየትኛው ወረዳ ትእዛዙ እንደ ተፈጸመ፥ በየትኛውስ እንደ ተናቀ የሚዘረዝር ጥናት ከብዙ የሥልጣን ንድፈ ሐሳብ ይበልጥ ያስተምረን ነበር። የአስተዳደሩ ዋና ከተማ በ1970ዎቹ ወደ መቱ ከተዛወረ በኋላም ጎሬ በሰዎች አፍ የያዘችው ክብር የዚሁ ጥያቄ ታናሽ ክፍል ነው።

ቃሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የሕያዋን ሰዎች ጉዳይ በሚዳኝበት ቦታ ነው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብ ተወስዶ ሲሰፍር ኢሉባቦር ከዋናዎቹ መስፈሪያዎች አንዱ ነበረ። መንግሥት ሰፈራው በፈቃድ ነው አለ፤ ተቃዋሚዎቹ በኃይል ነው አሉ። ለብዙ ዓመት የተጻፈው ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሆኖ ቆየ። አሉላ ፓንክኸርስት በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ በወለጋ ቀቶ የሰፈሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠይቆ ሁለቱም መልሶች የማይበቁ መሆናቸውን አሳየ። ርኃብ የገፋው አለ፤ ተስፋ የተሰጠው አለ፤ ዘመዱን ተከትሎ የሄደ አለ፤ ኮታ ለመሙላት የተያዘም አለ፤ በአንድ ሰው ላይ ሁለቱ ሦስቱ በአንድነት የደረሱበትም አለ። አንዳንድ አንባቢዎች ይህ በደሉን ያለዝባል ብለው ይቈጣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። «በኃይል ተወሰዱ» ብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋው ጸሐፊ የያዛቸው ሊቀ መንበር ማን እንደ ሆነ፥ የእህል ዕርዳታ የከለከላቸው ማን እንደ ሆነ፥ ያሳፈራቸውም ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያልፋል። ግሡ ስም ሲሆን ከተሳቢው ጋር ባለቤቱም ይጠፋል። ኃይል ወሰዳቸው ከተባለ የወሰዳቸው ሰው የለም። ተቀባዩ የኢሉባቦር ገበሬም በዚህ አጻጻፍ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በጫካው ቡና ጥግ አዲስ መንደር ሲቆም እርሱን ማን እንደ ጠየቀው ወይም እንዳልጠየቀው አይነገርም።

የሕግ ሰዎች በዚህ ከኛ ቀድመዋል ብል የሙያ ጓደኞቼ እንዳይቀየሙኝ። ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውልን የሚያፈርሰውን መገደድ በቁጥር 1706 ሲደነግግ የተገደደው ሰው ዕድሜ፥ ፆታና ያለበት ሁኔታ እንዲመዘን ያዝዛል፤ ማለት ያው ዛቻ በአንዱ ላይ ኃይል ሆኖ በሌላው ላይ ላይሆን እንደሚችል ያውቃል። በቁጥር 1709 ደግሞ ለወላጅ ወይም ለበላይ ከሚሰጥ አክብሮት የሚመጣውን ፍርሃት ከመገደድ ይለየዋል፤ ይህ ፍርሃት ብቻውን ውልን አያፈርስም፤ ከዚያ ፍርሃት የተነሣ ሌላው ወገን ከልክ ያለፈ ጥቅም ካገኘ ግን ያፈርሳል። በቁጥር 1792 የተደነገገው ከዐቅም በላይ የሆነው ኃይል ከሁለቱም ሌላ ነው፤ ባለዕዳው ሊገምተው የማይችለው፥ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለው ድንገተኛ ነገር ነው። ሕጉ የተረቀቀው በባዕድ ቋንቋ ሲሆን፥ ለኢትዮጵያ ኑሮ ምን ያህል ተስማማ የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። ይሁን እንጂ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የኢትኖሎጂ ጽሑፎቻችን በአንድ ቃል የደባለቋቸውን ሦስት ነገሮች ለያይተው ያስቀምጣሉ።

እንግዲህ ከቃሉ ፊት ቆሞ ካሣ ለመክፈል የተስማማው ሰው በየትኛው ቁጥር ይታያል? ለዚህ መልስ ለመስጠት የኦሮሞ ሽማግሌ የኛን ቃል አይፈልግም። ሁምና ነው ካለ አንድ ነገር ተናገረ፤ አያና ነው ካለ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ሰፉ ነው ካለ ደግሞ የሕጉን ቁጥር 1709 አጠገብ ደረሰ፤ ምናልባትም አልፎት ሄደ፤ ሰፉ የበላዩንም የበታቹንም ያስራልና። ተማሪው ይህን መልስ ከመቱ ገበያ ወይም ከሁሩሙ ዙሪያ ሲያመጣ ሦስቱን ቃላት በፊደላችን እንደ ተነገሩ ጽፎ፥ ማን በማን ላይ፥ በምን ነገር፥ በየትኛው ቀን እንደ ተነገሩ ከጎናቸው ያስፍርልን፤ «ኃይል» የሚለውን ትርጕም ለሶር ማመንጫ ይተውለት።